የሐሙስ ሜዳና የእማዬ ሚስኮል

ከዐረብ አገር ተመልሳ ሐይቅ ከተማ የገባች ሴት መጀመሪያ የምትጠየቀው “ምን ይዘሽ መጣሽ?” ነው፤ ቀጥሎ “ሥራሽ ምን ነበር?” ይመጣል። ለመጀመሪያው ሻንጣዬን እከፍታለሁ። ለሁለተኛው “የሰው ቤት” እላለሁ፣ በቃ፣ ይገባቸዋል። የሰፈራችን ግማሽ ወይ ራሱ ሠርቶበታል ወይ ልጁን ልኮበታል፤ መጥረጉን፣ መተኮሱን፣ የሰው ልጅ ማጠቡን ማንም አያስረዳቸውም። ከሥራዬ ሁሉ የተመሰገንኩበት ለማዳሜ የመጫወቻ ሜዳ መያዝ ነበር ብል ግን የሚያምነኝ የለም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ “ሂጂ ወዲያ” ነበር የምለው።

የምጽፈው ስለዚያ ሥራ ነው፤ ለዚያ ሥራ ብዬ ስለ ቆረጥኳት አንዲት ስልክም ነው። የደወለችው እናቴ ነበረች። እናቴ አሁን የለችም። ሰው ሁሉ “የአላህ ቀደር ነው፣ አብሽሪ” ይለኛል። ቀደሩን አልክድም። ስልኩን የቆረጠችው ጣት ግን የኔ ናት፤ በእሷ ነው የምበላው፣ እሷን ይዤ ነው የምሰግደው።

ጨዋታው ፓድል ይባላል። ቴኒስ ያየ ሰው አይጠፋውም። ሜዳው ከቴኒሱ አነስ ይላል፣ ዙሪያውን መስታወት ነው፣ አራት ሆነው ሁለት ለሁለት ኳስ ይቀባበላሉ፣ ኳሷ መስታወቱን መትታ ስትመለስም ይመቷታል። እኔ በነበርኩበት ትልቅ ከተማ ድንገት ገብቶ ሀብታም የተባለውን ሁሉ እንደ ጉንፋን ያዘው። ማዳሜንም ያዛት። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ሐቅ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ክፉ ብትሆንልኝ ኖሮ ዛሬ የምራገመው ሰው አገኝ ነበር።

ችግሩ እሷ ወንድ በሚያያት ቦታ አትጫወትም። ስለዚህ የምንፈልገው ዝም ብሎ ሜዳ አልነበረም። ጣራ ያለው፣ ማቀዝቀዣ ያለው፣ መስታወቱ በመጋረጃ የተከለለ፣ ሠራተኞቹም ሴት የሆኑበት፣ ለሴት ብቻ ሰዓት የተለየለት ሜዳ ነው። ያ ሁሉ ፎቅ በበቀለበት ከተማ እንዲህ ያለው ሜዳ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያም ውስጥ በመኪና አንድ ሰዓት የሚርቅ አለ፣ መጋረጃው አጭር ነው ብላ የምትጠላው አለ፣ ሙቀት ይይዛል የምትለው አለ። ተመርጦ ተመርጦ የሚቀረው ሁለት ቦታ ነው። የሚመጣው ሐሙስ ማታ ሜዳ የሚለቀቀው በዚህ ሐሙስ ጠዋት፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ በስልክ ነው። ከሦስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ አሳልፎ የገባ ሰው “ተይዟል” የሚለውን ብቻ አንብቦ ይወጣል።

መጀመሪያ ራሷ ትሞክር ነበር። ጥፍሯ ረጅም ነው፣ ስልኩ ላይ ይንሸራተትባታል፤ ጠዋት መነሳትም አይሆንላትም። አንድ ቀን ተናዳ ስልኩን ሶፋው ላይ ስትወረውረው “እስቲ ልሞክር” አልኳት። በሚቀጥለው ሐሙስ ያዝኩላት። እንዴት አልይዝም፣ እኔ እኮ የሐይቅ ልጅ ነኝ። በገበያ ቀን የደሴው ሚኒባስ ገና ሳይቆም በመስኮት ሻሽ ወርውሮ ቦታ መያዝን ከእናቴ ነው የተማርኩት። እሷ የሽንኩርት ጆንያዋን ተሸክማ ከኋላ ትመጣለች፣ እኔ ቀድሜ እሮጥና ሻሿን ወንበሩ ላይ ጥዬ እቆምላታለሁ። ሻሽ ያለበት ቦታ ባለቤት አለው፤ የቱንም ያህል ቢጋፋ ሰው አይቀመጥበትም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ማዳሜ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ፣ እኔም ሲሜን ከተትኩበት። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እገባለሁ፣ ቀኑን እመርጣለሁ፣ ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ ገጹን ወደ ታች ስቤ እለቀዋለሁ፤ አረንጓዴ ካሳየኝ ወዲያው መጫን ነው። አንደኛው ቦታ ካመለጠኝ ሁለተኛው ላይ እገባለሁ፤ እሱም ካመለጠኝ የሰረዘ ሰው ይኖር እንደሆነ ደጋግሜ እከፍታለሁ። ሰው ሁልጊዜ ይሰርዛል፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የማዳሜ ጓደኞች ሳይቀሩ “ያቺ ሐበሻሽ ለኛም ትያዝልን” ማለት ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስሠራ “ጎበዝ” የተባልኩት በዚህ ብቻ ነው።

ያው ስልክ የእናቴን ሚስኮልም ይቀበል ነበር። ዐረብ አገር ልጅ ያላት እናት ወደ ውጭ የምትደውልበት ካርድ ከየት ታመጣለች፣ ያላት ሚስኮል ነው። የእኔና የእሷ ግን ሕግ ነበረው። አንዴ ጠርቶ ከቆመ “ደህና ነኝ፣ አትደውዪ” ነው። እሱ በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይመጣል፤ አይቼ አልሐምዱሊላህ እልና ወደ ሥራዬ። ሁለት ጊዜ ከተከታተለ “የምነግርሽ አለ” ነው። ያን ጊዜ ዝም ብዬ ከተውኩት ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ እሷም ስልኳን ጉያዋ ከትታ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። ከቆረጥኩት ግን “አይቼዋለሁ፣ አሁኑኑ መልሼ እደውላለሁ፣ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ” ማለት ነው። መቁረጥ ቃል ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ቆርጬባት ሳልደውል የቀረሁበት ቀን አልነበረም። ወጥ እያማሰለች ከሆነ ወጡ ይረር እንጂ እሷ ከስልኩ አትርቅም።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሚስኮሉ በዝቶ ነበር። “ነይ ልጄ፣ የሰዉ ሁሉ ፊት ፈክቷል፣ የታሰረው ተፈቷል፣ የተጣላው ታርቋል፣ አገር ሊቀና ነው” ትለኝ ነበር። እኔም አምኛት ሻንጣ ገዝቼ ነበር። ከዚያ “ቤቷን በብሎኬት ሳላሠራላት ገብቼ ምን ልሆን ነው” አልኩና አንድ ዓመት ጨመርኩ። ዓመቱ ሌላ ዓመት ወለደ። ፓድሉም የመጣው በዚያ መሐል ነው። ስደውልላት ሐይቁ ዳር ያለውን ሽንኩርቷን እያጠጣች አምባሰል ስታንጎራጉር እሰማት ነበር። የአምባሰል ገጠር ልጅ ናት፤ አባቴ አግብቶ ሐይቅ አወረዳት እንጂ ድምጿ ከተራራው አልወረደም። “ዝፈኚ እስቲ” ስላት “አይ አንቺ፣ ሐጃ ልሆን ስል ዘፋኝ ልታደርጊኝ ነው” ትልና ትስቃለች።

ከዚያ ጦርነት መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፣ ወደ ሰሜን ነው እንባባል ነበር። ወልድያ ተባለ፣ ቀጥሎ መርሳ፣ ቀጥሎ ውጫሌ። ሐይቅ በተፈናቃይ ሞላች፣ ትምህርት ቤቱ ማደሪያ ሆነ። “ደሴ ግቢ” እላታለሁ። “ሽንኩርቴን ማን ያጠጣዋል” ትለኛለች። እናቴ ስኳር አለባት፤ የምትወጋውን መድኃኒት እንዳይሞቅባት ውሃ ባለበት እንስራ አፍ ላይ ነው የምታስቀምጠው። መንገድ ከተዘጋ መድኃኒት እንደማይገባ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ለእኔ ከተማው ተያዘ አልተያዘ አልነበረም ጉዳዬ፤ እናቴ ከነመድኃኒቷ ከዚያ ትውጣልኝ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማን፤ ጎረቤታችን ስትወጣ አብራት ትወጣለች።

ጎረቤታችን መንገድ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ዓሣውን ከሐይቁ ያወጣል፣ እሷ ትጠብሳለች። እናቴና እሷ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል። ለዒድ ዶሮዋን የምትይዝላት እሷ ናት፣ ለፋሲካ ልጆቿን የምትጠብቅላት እናቴ ናት። “ሳልይዛት ከዚህች ከተማ እግሬን አላነሳም፣ በእስጢፋኖስ” ብላ በእናቴ ስልክ ምላልኛለች። በዚያ መሐላ ብዙ ቀን እንቅልፍ ተኝቼበታለሁ።

በዚያው ሳምንት ኔትወርኩም መታመም ጀመረ። ቤት ውስጥ አይይዝም፣ አስፋልቱ ላይ አይይዝም። እናቴ ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ስትወጣ ብቻ ይይዝላታል። ከዚያ ሆና ሐይቁም የእስጢፋኖስ ገዳሙም ይታያታል፣ እኔም አገኛታለሁ። ከጉብታው ከወረደች ጠፋች ማለት ነው።

ሐሙስ ነበር። ማዳሜ ያን ቀን በጠዋት ተነስታ አጠገቤ ቆማለች፤ በሚመጣው ሐሙስ የባሏ እህቶች እንግዳ ሆነው ስለሚመጡ ሜዳው የግድ ነው ብላኛለች። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባሁ። ቀኑን መረጥኩ። ስልኩ ጠራ፣ እማዬ ናት። አንዴ ጠርቶ ቆመ። ደህና ናት አልኩ፤ ነገር ግን የዕለቱን ሚስኮል ከሱብሒ በኋላ አድርጋለች፣ በዚያ ሰዓት ልምዷ አይደለም። ወዲያው ደግሞ ጠራ። የምትነግረኝ አላት። “እማዬ” የሚለው ስክሪኑን ሞልቶታል፣ ሜዳው ከሥሩ ተደብቋል፣ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ነው የቀረው። ማዳሜ “ያላ፣ ያላ” ትላለች። ቀዩን ተጫንኩት።

በዚያች ሰከንድ ለእናቴ ቃል መስጠቴን አላሰብኩም። ስክሪኑን እንዲለቅልኝ ነው የቆረጥኩት፣ ዝንብ እሽ እንደሚባለው። ሜዳው ብቅ ሲል አረንጓዴ ነበር፤ ስጫነው “ተይዟል” አለኝ። ሌላ ሰው ቀደመኝ። የማዳሜ ፊት ተለወጠ። ሁለተኛው ቦታ ገባሁ፣ እሱም አልቋል። “እናቴ እየደወለች ነው፣ አገሬ ጦርነት ነው” ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ብነግራት ትፈቅድልኝ ነበር፣ ይህንንም አውቃለሁ። ነገር ግን ጎበዝ የተባልኩበትን አንዱን ነገር በፊቷ ላበላሸው አልፈለግሁም። አንድ ደቂቃ ናት፣ ልያዝላትና እደውላለሁ አልኩ። ቆርጬባታለሁና እማዬ እንደሁ ትጠብቀኛለች ብዬ ደግሞ ራሴን አጽናናሁ። አንዷ ደቂቃ ዐሥር ሆነች፣ ዐሥሩ አርባ ሆነ። በአርባ ደቂቃው የሰረዘ ሰው አገኘሁና ያዝኩት። ማዳሜ ጉንጬን ሳመችኝ።

ኩሽና ገብቼ ደወልኩ። አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያቺ ድምጿ የተቀዳ ሴትዮ የደወልኩላቸው ደንበኛ እንደማይገኙ ነገረችኝ። የጎረቤታችንን ሞከርኩ፣ የባሏን ሞከርኩ፣ ያው ሴትዮ ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ማታ ከተማችን መያዟን፣ ኔትወርኳም ከጠዋቱ ጨርሶ መቋረጡን የአገሬ ልጆች በየስልኩ ተቀባበሉት።

በሚቀጥለው ሐሙስ የማዳሜ ባል እህቶች ሳይመጡ ቀሩ። አንደኛዋን ራሷን አሟት ነው። “ሰርዢው” አለችኝ ማዳሜ። ሰረዝኩት። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ወዲያው ስከፍተው ሌላ ሰው ይዞታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። ሜዳ ስፈልግ የለመድኩትን መላ ሁሉ እናቴን ለመፈለግ አዋልኩት። በየሰዓቱ እደውላለሁ፤ አንዱ ቁጥር እንቢ ሲል ሌላው ላይ እገባለሁ፤ የደሴ ሰው፣ የኮምቦልቻ ሰው፣ አንዴ ሚኒባስ ውስጥ ያወቅሁት ሰው ሳይቀር ሞከርኩ። ሰው ሁልጊዜ ይሰርዛል፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው እል አልነበር? አንድም አረንጓዴ አላየሁም። ከጎረቤታችን ጋር ወጥታለች እያልኩ እውላለሁ፣ ወጥታ ቢሆን ከደረሰችበት ሚስኮል ታደርግ ነበር እያልኩ አመሻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ ደግሞ ሜዳ እይዛለሁ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ወድቆ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። ተስፋ ቆርጦም ሰው ዕቃ ያጥባል፣ ሸሚዝ ይተኩሳል፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ይጫናል።

ከተማዋ ተለቀቀች ከተባለ በኋላም ስልኩ ቶሎ አልተከፈተም። በተከፈተ ቀን የደወለችልኝ ጎረቤታችን ናት። ስሜን ስትጠራ ከድምጿ ገባኝ። “መድኃኒት አጥታ ነው” አለችኝ። “የቀሩት ሽማግሎች ሰግደው ቀብረዋታል። እኛ አልነበርንም፣ ልጄ።” ምለሽልኝ አልነበር ወይ፣ ለምን ይዘሻት አልወጣሽም አልኳት። ጮኼባታለሁ፣ የወለደችኝ ያህል የምትሆነኝን ሴት። “ስትመጪ እነግርሻለሁ፣ ይህ በስልክ አይሆንም” ብላ ዘጋችው። ማዳሜ አብራኝ አለቀሰች፣ ልብሴን ያጠበችልኝም ያን ሳምንት እሷ ናት። በዚያ ሐሙስ ሜዳ እንዳልይዝም ተወችኝ። በሚቀጥለው ያዝኩ።

ውሌ ሲያልቅ ገባሁ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከተመናመነ በኋላ ጎረቤታችን እጄን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝና ጉብታው ላይ ተቀመጥን። የሽንኩርቱ መደብ ላይ አረም በቅሎበታል። ሐይቁ እንዳለ ነው፣ ምንም አልሆነም።

“መኪናው እዚያ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር” አለችኝ በእጇ እያሳየች። “ባሌ ለምኖ ያቆመው የጭነት መኪና ነው፣ ሰዉ እንደ እህል ተጭኗል። ለእናትሽ አጠገቤ ቦታ ይዤላት ነበር። ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩበት፣ ማንም አልነካውም። ጓዟንም ከነመድኃኒቷ በፌስታል አድርጋ ሰጥታኛለች። ልትሳፈር ስትል ‘ሳልነግራት አልሄድም፣ ደውላ ካጣችኝ ልጄ ታብዳለች’ ብላ ወደዚህ ወጣች። ከታች ሆነን እናያታለን። ደወለች፣ ደግማ ደወለች። ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጋ አሳየችን፣ እየሳቀች። ‘ቆርጣዋለች፣ አሁን ትደውላለች’ አለችን። ደስ ብሏት ነበር፣ ይህን እወቂልኝ።”

ዓይኔን ወደ አስፋልቱ መለስኩ። እሷ ቀጠለች።

“ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ውረጂ አልናት። በእጇ ትንሽ ጠብቁኝ ትላለች፣ ስልኩን ከጆሮዋ አታወርድም። ጠበቅናት፣ ውሸት አልናገርም፣ ለረጅም ጊዜ ጠበቅናት። ከወዲያ ማዶ ተኩሱ ሲሰማ ግን ሾፌሩ ነድቶ ወጣ። ጮኼ ለምኜው ነበር። ፌስታሉ ጭኔ ላይ ነው፣ መወርወር እችል ነበር፤ ደንግጬ ያንንም ሳላስበው ቀረሁ። ደብረ ብርሃን ድረስ ታቅፌው ሄድኩ። የቀሩት ሰዎች እንደነገሩኝ እስከ ዐሥር ሰዓት ከዚህ ጉብታ አልወረደችም፣ ‘ልጄ ቆርጣዋለች’ እያለች።”

ከዚያ ያቺ ትልቅ ሴት ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች። “አውፍ በይኝ” አለችኝ፤ ይቅር በይኝን በኛ በሙስሊሞቹ አባባል፣ በክርስቲያን አንደበቷ። “ቦታዋን ይዤ ሳላስቀምጣት ቀረሁ። አውፍ በይኝ ልጄ።”

አነሳኋት። አውፍ ብዬሻለሁ አልኳት፤ እንደ ባለመብት፣ እንደ ተበደለ ሰው። ያን ጊዜ እኔም ቦታ እየያዝኩ እንደነበር፣ ለማን እንደሆነ፣ ያም ቦታ የተያዘላቸው ሳይቆሙበት እንደተሰረዘ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ “ኔትወርኩ ነው የበደላችሁ እንጂ አንቺማ ቆርጠሽ ሳትደውዪ የምትቀሪ ልጅ አይደለሽም” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። “ኔትወርኩ ነው።”